ለመክሰርም ነጋዴ መሆን ያስፈልጋል

ባለፈው ዓመት አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሰፈራችን ውስጥ የሚኖሩ አንድ ጠበቃ ቤት ሄድኩ። ከልጅነቴ ጀምሮ «ጋሼ» እያልኩ ያደግሁባቸው ሰው ናቸው። ቡናው ቀርቦ ሁለተኛው እስኪቀዳ ድረስ የመጣሁበትን ጉዳይ ማውጣት አቃተኝ። በመጨረሻ እንደምንም ብዬ «ጋሼ፣ መክሰሬን በፍርድ ቤት ማሳወጅ እችላለሁ?» አልኳቸው። መነጽራቸውን አውልቀው አዩኝና «ንግድ ጀመርክ እንዴ?» አሉኝ። «ኧረ አልጀመርኩም፣ ያው ደመወዝተኛ ነኝ» ስላቸው ሳቁ። «እንግዲያማ አትከስርም ልጄ። እዚህ አገር ለመክሰርም ነጋዴ መሆን ያስፈልጋል» አሉኝ።

እኔም አብሬ ሳቅሁ። ወደ ቤቴ ስመለስ ግን ነገሩ ሳቅ አልሆነልኝም። ኪሳራ የሚለውን ቃል ሁላችንም የምናውቀው እንደ ውርደት ነው። ለካ በሕግ ዓይን ኪሳራ መውጫ በርም ነው። ለካ ያ በር ለእኔ ዓይነቱ ሰው አልተሠራም። ዛሬ የምጽፈው ስለዚህ በር ነው፤ የራሴን ሒሳብ ሳልደብቅ ልጀምር።

ዕድሜዬ 29 ነው። ዲግሪዬን ይዤ በአንድ መሥሪያ ቤት ሰባት ዓመት ሠርቻለሁ። ከግብርና ከጡረታ ተቆርጦ እጄ የሚገባው 13,100 ብር ነው። ያን ቅዳሜ ደብተሬ ላይ የነበረው ዕዳ ይህን ይመስላል፦ ለመሥሪያ ቤታችን የቁጠባና ብድር ኅብረት ሥራ ማኅበር 140,000 ብር፣ ገና ያልጣልኩት የ12 ወር ዕቁብ 60,000 ብር፣ ከሦስት የስልክ መተግበሪያዎች የወሰድኩት 34,000 ብር፣ ለአንድ አራጣ አበዳሪ 80,000 ብር፣ ለዘመድና ለጓደኛ 72,000 ብር። ድምሩ 386,000 ብር ነው። አንድም ቀን ሳልበላና ቤት ሳልከራይ ደመወዜን እንዳለ ብሰጥ እንኳ ሁለት ዓመት ተኩል ገደማ ይፈጃል።

«ምን በልተህበት ነው?» ለሚለኝ ሰው መልሴ አጭር ነው። አባዬ በ2015 ዓ.ም. ለቀዶ ሕክምና ሲገባ ከማኅበሩ ተበደርኩ። የማኅበሩ ተቆራጭ ደመወዜን ሲያሳንሰው የቤት ኪራዩ ጎደለ። ዕቁቡ ቀድሞ ሲወጣልኝ 100,000 ብሩን ለኪራይና ለመድኃኒት አዋልኩት። ዕቁቡን ለመጣል ከስልክ ተበደርኩ። የስልኩን ለመመለስ ከሌላ መተግበሪያ ወሰድኩ። ሁለቱን ለመዝጋት አራጣ ቤት ገባሁ። አንዱን ጉድጓድ ለመድፈን ሌላ ጉድጓድ መቆፈር ማለት ይህ ነው። በየወሩ ለማኅበሩ 4,300፣ ለዕቁቡ 5,000፣ ለአራጣው 5,000 ይጠበቅብኛል፤ 14,300 ብር። የሚገባልኝ 13,100 ነው። ገና የቤት ኪራይና የእንጀራ ወሬ ሳይነሳ ማለት ነው።

ሦስት ተበዳሪዎች

ጠበቃው ከሳቁ በኋላ ያስረዱኝን እኔም ላስረዳ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕጋችን ስለ ኪሳራ የደነገገው ለነጋዴና ለንግድ ማኅበር ነበር። እሱን የተካው አዋጅ ቁጥር 1243/2013ም ብዙ ነገር አሻሽሏል፤ ችግር ውስጥ የገባ ነጋዴ ገና ሳይወድቅ ከአበዳሪዎቹ ጋር በፍርድ ቤት ጥላ ሥር ተደራድሮ ዕዳውን የሚያሸጋሽግበትን መንገድ አብጅቷል። ጥሩ ሕግ ነው። ነገር ግን የኪሳራ ክፍሉ አሁንም የሚያነጋግረው ነጋዴንና የንግድ ማኅበርን ነው። መምህሩ፣ ነርሷ፣ ሒሳብ ሠራተኛው፣ ዲግሪ ይዞ በቀን ሥራ የሚያድረው ልጅ እዚያ ውስጥ የለም።

አሁን ደግሞ ከፍ እንበል። አገራችን ራሷ ተበዳሪ ናት። በታኅሣሥ 2016 ዓ.ም. ኢትዮጵያ በአንድ ቢሊዮን ዶላሩ ዩሮ ቦንድ ላይ መክፈል የነበረባትን 33 ሚሊዮን ዶላር ወለድ አልከፈለችም። ከዚያ በፊትም በቡድን 20 የጋራ ማዕቀፍ ዕዳዋ እንዲሸጋሸግላት ጠይቃ ነበር። ድርድሩ ዓመታት ፈጅቶ በመጋቢት 2017 ዓ.ም. ከመንግሥታት አበዳሪዎቿ ጋር 8.4 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ዕዳን በሚመለከት በመርህ ደረጃ ተስማማች። ባለሥልጣኖቻችን ይህን በቴሌቪዥን ሲነግሩን እንደ ስኬት ነው የነገሩን፤ ልክም ናቸው። ከአቅም በላይ የሆነ ዕዳን ከአበዳሪ ጋር ቁጭ ብሎ ማሸጋሸግ ብልህነት ነው።

እንግዲህ ሦስት ተበዳሪዎች አሉን። መንግሥት መክፈል ሲያቅተው ጠረጴዛ ይዘረጋለታል። ነጋዴ መክፈል ሲያቅተው ፍርድ ቤት ይከፈትለታል። ደመወዝተኛው መክፈል ሲያቅተው ስልኩን ያጠፋል። ለሁለቱ ብልህነት የሆነው ነገር ለሦስተኛው ለምን ነውር ሆነ? ጥያቄዬ ይኸው ነው።

እንዴት እዚህ ደረስን?

ዱሮ ደመወዝተኛ ዕዳ ውስጥ ልግባ ቢል እንኳ ሰፊ በር አልነበረውም። ባንክ ቤትና መኪና ለሌለው ሰው አያበድርም። ያለው ማኅበሩ፣ ዕቁቡ፣ ዘመዱ ነው፤ ሦስቱም ፊቱን ያውቁታል፣ ከአቅሙ በላይ አይሰጡትም። ባለፉት ጥቂት ዓመታት ግን ሁለት ነገሮች አንድ ላይ መጡ። በአንድ በኩል ከ2014 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በስልክ የሚሰጥ ማስያዣ የማይጠይቅ ብድር ተስፋፋ። ለብዙ ጉሊት ቸርቻሪና ለብዙ ትንሽ ሱቅ በእውነት ደርሶላቸዋል፤ ይህን አልክድም። በሌላ በኩል ብሔራዊ ባንክ የዋጋ ንረትን ለመግታት በነሐሴ 2015 ዓ.ም. የባንኮች ዓመታዊ የብድር ዕድገት ከ14 በመቶ እንዳይበልጥ ወሰነ። ባንክ እጁን ሲሰበስብ ቀድሞ የሚቀረው ትንሹ ተበዳሪ ነው።

ከዚያ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. መጣ። የብር የምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ተደረገ። የአባዬ መድኃኒት ከውጭ የሚገባ ነው፤ ዋጋውን ማስላት ለአንባቢ ልተው። ደመወዝ በደረጃ ይወጣል፤ ዋጋ ግን በአሳንሰር። በመሐል ያለውን ክፍተት የሚሞላው ብድር ነው። እኔ በቁማር አልተበደርኩም፣ በመጠጥም አልተበደርኩም፤ ክፍተት ለመሙላት ተበደርኩ። ብዙ የዕድሜ እኩዮቼም እንደዚያው ናቸው፤ አያወሩትም እንጂ።

የስልክ ብድር ሌላም ጠባይ አለው። ወለዱን «የአገልግሎት ክፍያ» ይለዋል፤ ከሚሰጥህ ላይ ቀድሞ ይቆርጠዋል። 10,000 ተፈቀደልህ ተብለህ እጅህ የሚገባው ያነሰ ነው፤ የምትመልሰው ግን ሙሉውን ነው፣ ያውም በወር። እኔ ሦስተኛውን ስወስድ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ እንዳሉብኝ የጠየቀኝ አልነበረም። ሌሊት ሰባት ሰዓት ላይ አልጋዬ ላይ ተኝቼ በአውራ ጣቴ ነው የተበደርኩት።

የአራጣው ወረቀት

ስለ አራጣ ሕጋችን ዝም አላለም። የፍትሐ ብሔር ሕጉ በግለሰቦች መካከል የሚደረግ ብድር ወለዱ በዓመት ከ12 በመቶ እንዳይበልጥ ይላል። አራጣ በወንጀል ሕጉም ያስቀጣል። የእኔ አበዳሪ የሚያስከፍለኝ በወር 10 በመቶ ነው። ሕጉ ለዓመት የፈቀደውን እሱ በአምስት ሳምንት ይጨርሰዋል።

ታዲያ ለምን አልከሰስኩም? የወሰድኩት 50,000 ብር ነበር። ስድስት ወር ወለዱን መክፈል ሲያቅተኝ አሮጌውን ወረቀት ቀደደና «80,000 ብር ያለ ወለድ ተበድሬያለሁ» የሚል አዲስ ወረቀት በሁለት ምስክር ፊት አስፈረመኝ። በወር 5,000 ካላመጣሁ ወረቀቱ እንደገና ይታደሳል። ፍርድ ቤት የሚያየው ወረቀቱን ነው፤ ወረቀቱ ላይ ደግሞ ወለድ የሚባል ቃል የለም። አራጣ አበዳሪ ሕጉን ከእኛ በላይ ያነበዋል። ከነጋዴው ደግሞ ስንቅ የሌለው ቼክ አስፈርሞ ይይዛል፤ ዕዳው ሳይከፈል ሲቀር ጉዳዩ የገንዘብ መሆኑ ቀርቶ የወንጀል ይሆናል።

ኢትዮጵያ በ1985 ዓ.ም. የተቀበለችው የሲቪልና የፖለቲካ መብቶች ዓለም አቀፍ ቃል ኪዳን በአንቀጽ 11 ማንም ሰው የውል ግዴታውን መፈጸም ስላልቻለ ብቻ አይታሰርም ይላል። መልካም ቃል ነው። ነገር ግን ሰው በዕዳ የሚታሰረው በብረት ብቻ አይደለም። አባቶቻችን ቁራኛ የሚሉት ሥርዓት ነበራቸው፤ ተበዳሪውን ከአበዳሪው ጋር በሰንሰለት ወይም በነጠላ ጫፍ አቆራኝተው ዕዳው እስኪከፈል አብረው እንዲውሉ ያደርጉ ነበር። ቃሉ ዛሬ ለአልጋ ነው የቀረው። እኔ ግን የስልኬ ቁራኛ ሆኜ ነበር። ሲጠራ ልቤ ይመታል። የማላውቀው ቁጥር ከሆነ አላነሳም። የማውቀው ከሆነም አላነሳም፤ 8,000 ብር ያበደረችኝ የአክስቴ ልጅ ልትሆን ትችላለችና። ለእሷ የፈረምኩት ወረቀት የለም። ሕጉ ከ500 ብር በላይ ብድር በጽሑፍ ይሁን ስለሚል በፍርድ ቤት ብትጠይቀኝም ይቸግራታል። ከሁሉ በላይ እንቅልፍ የሚነሳኝ ግን ያ ሕግ የማያየው ዕዳ ነው።

በር ሲጠፋ መስኮት ይሰበራል

ሕጋዊ መውጫ ለሌለው ሰው የተተዉለት መንገዶች ይታወቃሉ። አንዱ በብድር ላይ መበደር ነው። ሁለተኛው የወላጆችን ቤት ማሸጥ ነው። ሦስተኛው መጥፋት ነው። ሦስተኛውን እኔም አስቤዋለሁ። ሻንጣ አዘጋጅቼ ነበር ብል ውሸት አይደለም። የያዘኝ አንድ ነገር ነው፦ ለማኅበሩ ብድር «በአንድነትና በነጠላ» ብለው የፈረሙልኝ ሁለት የሥራ ባልደረቦቼ። አንዷ የሁለት ልጆች እናት ናት። እኔ ብጠፋ ከእሷ ደመወዝ ላይ ይቆረጣል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ ከደመወዝ የሚቆረጠው ከአንድ ሦስተኛ አይብለጥ ይላል፤ ግን አንድ ሦስተኛው የልጆቿ ወተት ነው። ያለ በደሏ።

ሌሎች አገሮች ይህን እንዴት ይፈቱታል? አሜሪካ ሜሪላንድ የሚኖር አንድ የትምህርት ቤት ጓደኛዬ ባለፈው ዓመት መክሰሩን አስመዝግቧል። ሲነግረኝ ድምፁን እንኳ ዝቅ አላደረገም። የክሬዲት ካርድና የሆስፒታል ዕዳ ነበረበት። ማመልከቻው በገባበት ቀን ሰብሳቢዎቹ መደወል አቆሙ፤ ሕጉ ያስቆማቸዋል። እሱ የተጠቀመበት «ምዕራፍ 7» የሚባለው ገቢው አነስተኛ ለሆነ ሰው ነው፤ ሊሸጥ የሚችል ንብረት ካለ ይሸጣል፣ የቀረው ዕዳ ይሰረዛል። ገቢ ያለው ሰው ደግሞ በ«ምዕራፍ 13» ከሦስት እስከ አምስት ዓመት በሚቆይ ዕቅድ የአቅሙን ይከፍላል።

«እንግዲያው ቀላል ነው በለኛ» ስለው «ማን አለህ!» አለኝ። ከማመልከቱ በፊት የዕዳ ምክር መውሰድ ነበረበት። ገቢውንና ንብረቱን በመሐላ አስመዘገበ። ለአጎቱ ቀደም ብሎ የመለሰለትን 2,000 ዶላር ሳይቀር ጠየቁት፤ ሕጉ ከሌላው አበዳሪ ለይቶ ለዘመድ መክፈልን አንድ ዓመት ወደ ኋላ ሄዶ ያያል። የዕቁቡንም አስመዘገቡት። መዝገቡ የብድር ታሪኩ ላይ 10 ዓመት ይቀመጣል፤ በዚያው ምዕራፍ ሁለተኛ ዕዳ ለማሰረዝ ስምንት ዓመት መጠበቅ አለበት። የልጅ ቀለብ፣ የቅርብ ዓመታት ግብርና በማጭበርበር የተወሰደ ገንዘብ አይሰረዝም። የትምህርት ብድርም ከስንት አንዴ ነው የሚሰረዘው። እሱ ግን ዛሬ ስልኩን ያነሳል።

«አሜሪካና እኛ?» የሚል ካለ ጎረቤታችንን ኬንያን ይመልከት። በ2015 እ.ኤ.አ. ያወጣችው ሕግ ነጋዴ ላልሆነውም ሰው ይሠራል። ከአበዳሪዎች ጋር በፈቃድ መስማማት፣ ምንም ንብረት ለሌለው ትንሽ ተበዳሪ የተለየ አጭር ሥርዓት፣ ካልሆነም ከሦስት ዓመት በኋላ ነጻ የሚያወጣ ኪሳራ አለው። ናይሮቢ የሚቻል ነገር አዲስ አበባ የማይቻልበት ምክንያት አይታየኝም።

«ታዲያ ማን ይከፍላል?»

ይህን ሐሳብ ለሥራ ባልደረቦቼ ሳነሳ የመጣው ተቃውሞ ቀላል አይደለም። የማኅበራችን ገንዘብ ያዥ «አንተ ስትሰረዝ የማን ገንዘብ ነው የሚሰረዘው? የእኛው የሠራተኞቹ ቁጠባ እኮ ነው» አለችኝ። እውነቷን ነው። የዕቁብ ዕዳዬን ፍርድ ቤት ቢሰርዝልኝ ገና ያልደረሳት ጎረቤቴ ናት የምትከስረው። የማን ቤት ጠፍቶ የማን ይበጃል? በአሜሪካም ተበዳሪው በምዕራፍ 7 ነጻ ሲወጣ ዋሱ አይወጣም። የእኛ ብድር በሙሉ የቆመው በዋስ ላይ ስለሆነ ሕጉን እንዳለ ገልብጠን ብናመጣ ዕዳውን ከእኔ አንስተን በሁለት ልጆች እናት ላይ መጣል ይሆናል።

ስለዚህ የምጠይቀው ስረዛ አይደለም። የምጠይቀው ጠረጴዛ ነው። አንድ ሰው ያለበትን ዕዳ ሁሉ በአንድ ቦታ በመሐላ ዘርዝሮ የሚያቀርብበት፣ አበዳሪዎቹ ሁሉ የሚጠሩበት፣ በዚያ ጊዜ ወለዱም ክሱም የሚቆምበት፣ ከደመወዙ ለኑሮ የሚቀረው ታውቆ የቀረው በድርሻ የሚከፋፈልበት፣ ዕቅዱ እስከተከበረ ድረስ ዋሱ የማይነካበት ሥርዓት። አምስት ዓመት በታማኝነት ከፍሎ የቀረውን ያኔ ዳኛ ይየው። ንብረት የደበቀ፣ በሐሰት የማለ ከሥርዓቱ ይውጣ፤ በሕግም ይጠየቅ። የስልክ አበዳሪም ሌላ ዕዳ መኖሩን ሳያጣራ ያበደረውን ከወረፋው መጨረሻ ይቁም።

እኔ ያደረግሁት

ሕጉ እስኪመጣ መቆየት አልቻልኩም። ጠበቃው ጋሼ «ፍርድ ቤት ባይኖርህ ሽማግሌ አለህ» አሉኝ። የዕዳ ደብተሬን እንዳለ ለአባዬ አሳየሁት። ከሁሉ የከበደኝ እሱ ነበር፤ ዕዳው በእሱ ሕክምና መጀመሩን እንዲያውቅ አልፈልግም ነበር። አንብቦ ሲጨርስ «እኔን ስትደብቅ ነው የከሰርከው» አለኝ። ኪራይ ቤቴን ለቅቄ ወላጆቼ ቤት ገባሁ። ላፕቶፔንና አንዳንድ ዕቃዬን ሸጬ የሦስቱን መተግበሪያዎች 34,000 ብር ዘጋሁና ከስልኬ አጠፋኋቸው።

ከዚያ ጠበቃውን ጨምሮ ሦስት ሽማግሌዎች ተቀመጡ። ማኅበሩ ተቆራጩን ወደ 2,900 ዝቅ አድርጎ ዘመኑን አራዘመልኝ። የዕቁቡ ዳኛ አባላቱን አስማምቶ 2,500 እየጣልኩ በ24 ወር እንድጨርስ ፈቀደ፤ ጉድለቱን እኔ እስክሞላ አባዬ ዋስ ሆነ። አራጣ አበዳሪው ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ «80,000 ብሬን» አለ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ «ሰማንያ ሺህ ቆጥሬ ሰጥቼዋለሁ ብለህ ትምላለህ?» ብለው ጠየቁት። ዝም አለ። ብዙ ቆይቶ 60,000 አለ፤ በወር 3,000። አሁንም ከሰጠኝ ይበልጣል፤ ተስማማሁ። ዘመዶቼና ጓደኞቼ «ስትችል» አሉኝ፤ የአክስቴ ልጅ ብቻ አለቀሰች፤ ገንዘቡ ሳይሆን ስልክ አለማንሳቴ ነው ያስለቀሳት።

ዛሬ በወር 8,400 ብር እከፍላለሁ፤ 4,700 ይቀረኛል። ዕዳዬ ከ260,000 ብር በታች ወርዷል። ገና ብዙ ይቀረኛል፣ ዕዳው ገብስ ነው አልልም። ግን ቁጥሩ ወደ ታች እየሄደ ነው፣ እኔም ከባልደረባዬ ዓይን አልሸሽም።

ይህን የማወራው ሽምግልና ይበቃል ለማለት አይደለም። እኔ ዕድለኛ ነበርኩ፤ ጠበቃ ጎረቤት፣ የምገባበት የወላጅ ቤት፣ ለመማል የፈራ አራጣ አበዳሪ ነበረኝ። ሽማግሌ መሐላ የማይፈራን ሰው ማስገደድ አይችልም፤ ለስልክ መተግበሪያም ሽማግሌ አይላክም። ከገጠር መጥቶ ብቻውን ተከራይቶ የሚኖር ልጅ ማንን ይጠራል? ሽምግልናው የሚያሳየው አንድ ነገር ነው፦ ዕዳን ገልጦ ቁጭ ብሎ መነጋገር ለባህላችን እንግዳ አይደለም። ሕጉ የሚጎድለው ይህንኑ ወስዶ ዘመድ ለሌለውም ማዳረስ ነው።

ይህን የምታነብ፣ ሌሊት ሰባት ሰዓት ላይ አውራ ጣትህን ስልክህ ላይ ያስቀመጥክ ወንድሜ፣ እህቴ፦ አራተኛውን ብድር አትውሰዱ። ዛሬ ማታ ደብተር አውጡና ሁሉንም ጻፉት፣ ነገ ለአንድ ሰው አሳዩት። ሕግ ለምታወጡት ደግሞ አንድ ነገር ልበል። አገር ዕዳዋን ስታሸጋሽግ አብረናት ደስ ብሎናል። ያን ጠረጴዛ ትንሽ ዘርጋ አድርጋችሁ ለእኛም ወንበር ብታስቀምጡልን ምን ይላችኋል?